ለሬንጅፋይንደር ካሜራ ፈጣን ዋይድ ሌንስ እንዴት ይመረጣል?

ሬንጅፋይንደር ማለት ከሌንሱ በተለየች መስኮት እያያችሁ፣ መሃሏ ላይ ያለውን ድርብ ምስል በማገጣጠም ፎከስ የምታደርጉበት ካሜራ ነው። ዋይድ ሌንስ ደግሞ ሚሊሜትሩ (ሚሜ) አነስ ያለ፣ ሰፊ ዕይታ የሚያስገባ ሌንስ ነው። ሌንስ ፈጣን የሚባለው አፐርቸሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ፣ በሰፊው የሚከፈት ሲሆን ነው፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ኤፍ 2፣ ኤፍ 1.4፣ አንዳንዱ ደግሞ ኤፍ 1.2። ለላይካ ኤም ማውንት (የላይካ ኤም ካሜራዎች ሌንስ መግጠሚያ) የላይካ ሰሚሉክስና ሰሚክሮን፣ የቮይግትላንደር ኖክተንና ኡልትሮን፣ የዛይስ ዲስታጎን አሉ፤ ረከስ ያሉ የቻይና ሌንሶችም ተጨምረዋል። ገዢ ብዙ ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው በትንሿ ቁጥር ላይ ነው። ሬንጅፋይንደር ላይ ግን ቁጥሯ ብቻዋን ታሳስታለች፤ ምክንያቱም የምታዩት በሌንሱ ውስጥ ሳይሆን ከሌንሱ በላይ ጥግ ላይ ባለች መስኮት ነው። መስኮቷ ቅርቡንም ሩቁንም እኩል ጥርት አድርጋ ታሳያለች፤ ፎከሱ በትክክል የት እንዳረፈ በዓይን የሚታየው ፎቶው ከወጣ በኋላ ነው። ስለዚህ ምርጫውን ከመስኮቷ ጀምሩ።

1. ካሜራችሁ የቱን ሌንስ እንደሚያሳይ እዩ

በ1954 የወጣው ላይካ ኤም3 ሌንሱ የሚያስገባውን ስፋት በመስኮቱ ላይ ከሚያሳዩት መስመሮች የ50፣ የ90 እና የ135 ሚሜዎቹ ብቻ ናቸው ያሉት። ለእሱ የሚሆኑት 35 ሚሜ ሌንሶች ፊታቸው ላይ መነጽር የመሰለ ተጨማሪ መስታወት አላቸው። ኤም2 የ35 ሚሜ መስመር አለው። የ28 ሚሜ መስመር የመጣው ከኤም4-ፒ ጀምሮ ሲሆን ኤም6 ላይም ቀጥሏል።

መስመሩ መኖሩ ግን መታየቱ ማለት አይደለም። የመስኮቱ ማጉያ 0.72 በሆነ (ነገሩን በእውነተኛ መጠኑ 0.72 እጥፍ በሚያሳይ) ካሜራ ላይ የ28 ሚሜ መስመር የመስኮቱን ጠርዝ ሊነካ ምንም አይቀረው። መነጽር የሚያደርግ ሰው አራቱንም ጎን በአንድ ጊዜ ማየት አይችልም፤ ዓይኑን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ማንከራተት ግድ ይሆንበታል። ይህን ለማወቅ ሌንስ መግዛት አያስፈልግም፤ ካሜራው የፍሬም መምረጫ ማንሻ ካለው ማንሻውን ገፋ አድርጋችሁ የ28 ሚሜውን መስመር ጥሩና እዩ። ካልታያችሁ ወይ 35 ሚሜ ያዙ፣ ወይ 0.58 ማጉያ ያለው ካሜራ ፈልጉ። 0.58 ፎከሱን ያዳክማል ተብሎ ይፈራል። የላይካ ኤም ሬንጅፋይንደር መነሻ ርቀት (ፎከስ የሚለካባቸው የሁለቱ መስኮቶች ርቀት) 69.25 ሚሜ ነው፤ በ0.58 ሲባዛ 40 ሚሜ ገደማ ይሆናል፤ ይህ ቁጥር ሲተልቅ ፎከሱ ይበልጥ ትክክል ይሆናል። ለ35 ሚሜ ኤፍ 1.4 ሌንስ ይህ ከበቂም በላይ ነው።

ሱቅ ውስጥ አንድ ነገር ሳታደርጉ አትውጡ፦ ሌንሱን ከነሁዱ (ፊቱ ላይ ከሚገጠመው የብርሃን መከለያ ጋር) ግጠሙ፣ ፎከሱን 0.7 ሜትር ላይ አድርጉ፣ ከዚያ በመስኮቱ እዩ። በቅርብ ርቀት የፍሬም መስመሮቹ ወደ ታችና ወደ ቀኝ ስለሚንሸራተቱ ሌንሱ መስኮቱን በጣም የሚጋርደው ያን ጊዜ ነው። ወፍራም ሌንስ ከሆነ የታችኛው ቀኝ ጥግ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። እዚያ ጥግ ላይ የልጅ ፊት ወይም የቡና ስኒ ቢኖር አታዩትም።

21 እና 24 ሚሜ ኤፍ 1.4 ሌንሶችን በላይካ ፊልም ካሜራ ላይ አንመክርም። መስመር ስለሌላቸው ከላይ የሚሰካ ሌላ መስኮት ይፈልጋሉ፤ በአንዱ ፎከስ አድርጋችሁ በሌላው ፍሬም እስክትይዙ ሰውየው ዞሮ ሄዷል። በስክሪን ማየት የሚያስችል ዲጂታል ካሜራ ካላችሁ ነገሩ ሌላ ነው።

2. ብርሃኑን ለኩ

የምታነሱበት ቦታ ሄዳችሁ በብርሃን መለኪያ ወይም በስልክ መተግበሪያ ለኩ። ደብዘዝ ያለ አንድ አምፖል ባለበት ሳሎን፣ በአይኤስኦ 400 ፊልም፣ ኤፍ 2 ላይ ሻተሩ 1/30 ሰከንድ አካባቢ ይመጣል፤ ኤፍ 1.4 ላይ 1/60። በጧፍ ብርሃን ብቻ ከሆነ 1/15 እና 1/30 ይሆናል።

አሁን እነዚህን ቁጥሮች ከምታነሱት ሰው ጋር አስተያዩ። እጃችሁ ካልተንቀጠቀጠ 28 ሚሜ ሌንስን በ1/15፣ 35 ሚሜን በ1/30 ይዞ ማንሳት ይቻላል። ተቀምጦ የሚያወራ ሰው ግን 1/60 ይፈልጋል። ማሕሌት ላይ ወረብ የሚያሸበሽቡ መዘምራን በ1/30 ሲነሱ ፊታቸው ቢተርፍ እንኳ ጸናጽል የያዘው እጅ ጭረት ሆኖ ይቀራል። ኤፍ 1.4 የሚያተርፍላችሁ አንድ ስቶፕ (እጥፍ ብርሃን) ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፦ ሰው ሲንቀሳቀስ። ለማይንቀሳቀስ ነገር ብዙም አያስፈልግም።

በዲጂታል አይኤስኦውን ከ400 ወደ 3200 ስታሳድጉ ሦስት ስቶፕ ታገኛላችሁ፤ ያን ጊዜ ኤፍ 2 ራሱ ይተርፋል። ስለዚህ ለኤፍ 1.4 ሁለት ሦስት እጥፍ መክፈል ተገቢ የሚሆነው በአብዛኛው ፊልም ለሚያነሳ ሰው ነው ባዮች ነን።

3. ጥርት የሚለውን ውፍረት አስሉ

ዋይድ ሌንስ ሁሉንም ነገር ጥርት ያደርጋል የሚባለው በኤፍ 8 ላይ ነው። በ1 ሜትር ርቀት፣ በተለመደው የ0.03 ሚሜ ልክ (ፊልሙ ላይ ነጥብ እስከዚህ ቢሰፋም ጥርት ያለ ነው በሚለው) ሲሰላ፣ 35 ሚሜ ኤፍ 1.4 ላይ ጥርት የሚለው 6.5 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በኤፍ 2 ደግሞ 9.5። 28 ሚሜ ኤፍ 1.4 ላይ 10፣ ኤፍ 2 ላይ 15 ሴንቲሜትር ይደርሳል። 35 ሚሜውን ወደ 0.7 ሜትር ብታስጠጉት በኤፍ 1.4 የሚቀራችሁ 3 ሴንቲሜትር ነው፤ ሽፋሽፍቱ ጥርት ብሎ ጆሮው የለም።

28 ሚሜ በኤፍ 1.4 ከ35 ሚሜ በኤፍ 2 ጋር ውፍረቱ ተቀራራቢ ሆኖ አንድ ስቶፕ ብርሃን ይጨምራል። በነፃ የተገኘ ግን አይደለም፤ ፊቱን እኩል ለማተለቅ በ28 ሚሜው ወደ 80 ሴንቲሜትር መጠጋት አለባችሁ፤ ያን ጊዜ ውፍረቱ ተመልሶ 6.5 ሴንቲሜትር ይሆናል። ትርፉ የሚገኘው ቦታችሁን ሳትለቁ ዙሪያውን ጨምራችሁ ስታነሱ ነው፦ በ2 ሜትር ርቀት 35 ሚሜ ወደ ጎን 2 ሜትር ያህል ያስገባል፣ 28 ሚሜ ደግሞ 2.5 ሜትር ያህል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ያቺ ግማሽ ሜትር አንድ ሰው ናት።

4. ፎከሱ የሚሸሽ ሌንስ እንዳይሆን

አንዳንድ ፈጣን ሌንሶች አፐርቸሩን ዘጋ ስታደርጉት የፎከሱ ቦታ ወደ ኋላ ይሸሻል። ምክንያቱ በመስታወቱ ዳርና በመሃሉ የሚያልፈው ብርሃን አንድ ነጥብ ላይ አለመገናኘቱ ነው፤ ሲከፈት የዳሩ ብርሃን ይጫናል፣ ሲዘጋ የመሃሉ ብቻ ይቀራል። በስክሪን የሚያይ ሰው ይህን አይቶ ያስተካክላል፤ ሬንጅፋይንደሩ ግን የሚያውቀው የተቀረጸለትን አንድ ልክ ብቻ ነው። በ1961 የወጣው የመጀመሪያው 35 ሚሜ ሰሚሉክስ እና የቮይግትላንደር 35 ሚሜ ኤፍ 1.4 ኖክተን ክላሲክ በዚህ ይታወቃሉ። ላይካ በ2010 ባወጣው 35 ሚሜ ሰሚሉክስ ላይ ከርቀቱ ጋር የሚንቀሳቀስ የመስታወት ክፍል ጨምሮ ችግሩን በእጅጉ ቀንሶታል።

የሚያስቸግረው አብዛኛውን ጊዜ በቅርብ ርቀት፣ ከኤፍ 2 እስከ ኤፍ 4 ባለው ነው። ከኤፍ 5.6 በኋላ የጥርታቱ ውፍረት ስህተቱን ይውጠዋል። እንዲህ ያለ ሌንስ በእጃችሁ ካለ፣ ድርብ ምስሉን ካገጣጠማችሁ በኋላ ፎከሱን ሳትነኩ ሰውነታችሁን 2 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ኋላ መለስ አድርጉና አንሱ። ቀልድ ይመስላል፤ ይሠራል።

5. ከመክፈላችሁ በፊት ፈትኑት

ያገለገለ ሌንስ ከሆነ አፐርቸሩን ከፍታችሁ የስልክ መብራት ከኋላ አብሩበት። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ሻጋታ ነው፤ ተዉት። ነጣ ያለ ጭጋግ አንዳንዴ ይጸዳል፣ ዋጋው ላይ ግን መቀነስ አለበት። ጥቂት የአቧራ ብናኝ ምንም አያደርግም።

ከዚያ ኢንፊኒቲ (የፎከሱ የመጨረሻ ሩቅ ቦታ)፦ ሌንሱን እስከ መጨረሻው አዙሩና ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ የራቀ ምሰሶ ወይም የሕንፃ ጠርዝ እዩ። ድርቡ ምስል ፍጹም መገጠም አለበት።

ቀጥሎ ቅርቡ። ማስመሪያ በ45 ዲግሪ አጋድማችሁ አስቀምጡ፣ መሃሉ ላይ ወፍራም መስመር አስምሩ፣ ካሜራውን በትራይፖድ 1 ሜትር ላይ አቁሙ። በመስመሩ ላይ ፎከስ አድርጋችሁ በኤፍ 1.4፣ 2፣ 2.8፣ 4 እና 5.6 አንሱ፤ ለእያንዳንዱ ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ከኢንፊኒቲ ጀምራችሁ እንደገና ፎከስ እያደረጋችሁ። ሦስቱ የተለያዩ ከሆኑ ስህተቱ የእናንተ ዓይን ነው። በዘንበላው ምክንያት በማስመሪያው ላይ 10 ሴንቲሜትር የሚታየው በጥልቀት 7 ሴንቲሜትር መሆኑን አትርሱ። ኤፍ 1.4 ላይ ልክ ሆኖ ሲዘጋ ወደ ኋላ ከሄደ፣ ያ የሚሸሸው ፎከስ ነው፤ ከአፐርቸሩ ጋር ሳይለወጥ ሁሌም በአንድ ወገን ከሳተ ግን ልኩ የተዛባ ነው።

የተዛባው የቱ እንደሆነ ለመለየት ሌላ ሌንስ፣ ቢቻል 50 ሚሜ፣ በዚያው ካሜራ ላይ ፈትኑ። ልትገዙት ያሰባችሁት ብቻ ከሳተ ለሻጩ መልሱት። ሁለቱም በአንድ ወገን ከሳቱ ሌንሱ ንጹሕ ነው፤ ካሜራውን ለባለሙያ ስጡ፤ ሌንሱ የሚገጠምበት አፍ ውስጥ ያለችውን፣ የሌንሱን ፎከስ ወደ ሬንጅፋይንደሩ የምታስተላልፈውን ትንሽ ተሽከርካሪ ጎማ ራሳችሁ በብሎን መፍቻ አትንኩ፤ ኢንፊኒቲውን ስታስተካክሉ ቅርቡ ይበላሻል።