የታይሮይድ ሕክምና ላይ ያለ ሰው ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቲኤስኤች ከፍ ሲል መድኃኒቱን መቀነስ

ከሁሉ አስቀድሞ መነሳት ያለበት ይህ ነው፤ ምክንያቱም ታካሚው ራሱን እየረዳ እየመሰለው ራሱን ይጎዳል። የላብራቶሪ ወረቀቱ ላይ ቲኤስኤች 18 ተብሎ ተጽፏል፤ ጎኑ ላይ ደግሞ መደበኛው መጠን ከ0.4 እስከ 4 አካባቢ መሆኑ ተመልክቷል። ታካሚው ይህን አይቶ «ታይሮይዴ በዝቷል፣ ኪኒኑ በዛብኝ» ይልና 100 ማይክሮግራም ሌቮታይሮክሲን (የታይሮይድ ሆርሞንን የሚተካ ኪኒን) ይወስድ የነበረውን ለሁለት ከፍሎ 50 መዋጥ ይጀምራል። ውሎ ሲያድር ፊቱ ያብጣል፣ ድምፁ ይጎረንናል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ሰው ሁሉ ሞቀኝ በሚልበት ቤት እሱ ጋቢ ደርቦ ይቀመጣል።

ቲኤስኤች አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ የሚያመነጨው ሆርሞን አይደለም። ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ለታይሮይድ የምትልከው ትእዛዝ ነው። ታይሮይድ ትእዛዙን ተቀብሎ ቲ4 እና ቲ3 የተባሉትን ሆርሞኖች ያመነጫል። ፒቱታሪም በደም ውስጥ ያለውን የእነዚህን ሆርሞኖች መጠን ዘወትር ትከታተላለች፤ ሲበቃት ትእዛዙን ትቀንሳለች፣ ሲያንስባት ትጨምራለች። ስለዚህ ቲኤስኤች 18 ማለት «ሆርሞን አነሰኝ» የሚል ጥሪ ነው፤ ብዙ ጊዜ መልሱ የኪኒኑን መጠን መጨመር ወይም አወሳሰዱን ማስተካከል ነው። በተቃራኒው ቲኤስኤች ከ0.1 በታች ከወረደ ኪኒኑ ሳይበዛ አይቀርም። በዕድሜ የገፋ ሰው በዚህ ሁኔታ ከቆየ የልብ ምቱ ሊዛባና አጥንቱ ሊሳሳ ይችላል። መጠኑን መለወጥ ግን የሐኪሙ ሥራ ነው።

አንድ ቦታ ላይ ይህ ስሌት አይሠራም፤ ትእዛዝ የምትልከው ፒቱታሪ ራሷ ስትታመም። ስትወልድ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት፣ ከዚያ በኋላ ጡቷ ወተት ካልሰጠ፣ የወር አበባዋም ካልተመለሰ፣ ድካሙም ከዓመት ዓመት ከባሰባት፣ ፒቱታሪዋ በደም እጥረት ተጎድታ ሊሆን ይችላል። የዚህች እናት ቲኤስኤች መደበኛ መስሎ ሊወጣ ይችላል፤ «ታይሮይድሽ ደህና ነው» ተብላም ትሸኛለች። ፍሪ ቲ4 (በደም ውስጥ በነፃ የሚገኘው ቲ4) እና ኮርቲሶል (ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች በፒቱታሪ ትእዛዝ የሚያመነጩት ሆርሞን) አብረው መለካት አለባቸው። ኮርቲሶል ጎድሏት ሳለ የታይሮይድ ኪኒን ብቻዋን ቢጀመርላት የደም ግፊቷ ወርዶ ለሕይወቷ የሚያሰጋ ቀውስ ሊከተል ይችላል፤ የሚቀድመው የጎደለውን ኮርቲሶል በስቴሮይድ መድኃኒት መተካት ነው።

ኪኒኑን ከቡና፣ ከወተትና ከብረት ጋር መዋጥ

ሌቮታይሮክሲን ወደ ደም የሚገባው በአንጀት በኩል ነው፤ ምግብ፣ ቡና፣ ካልሲየምና ብረት ደግሞ ይህን ያሰናክላሉ። ብዙ ጊዜ «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» የሚባለው ኪኒኑ በጠዋት ቡና እየተዋጠ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ኪኒኑን በውሃ ብቻ ይዋጡ፤ ቡናውና ቁርሱ 1 ሰዓት ላይ ይሁን። ነፍሰ ጡር ሴቶች የሚወስዱት የብረት ኪኒን፣ እንዲሁም የካልሲየምና የጨጓራ አሲድ ማርገቢያ መድኃኒቶች ቢያንስ 4 ሰዓት መራቅ ስላለባቸው ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ቢወሰዱ ይበቃል።

ጾመኛ ሰው መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም። እራት ከተበላ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ሊተኙ ሲሉ መዋጥ ይቻላል፤ በረመዳንም እንዲሁ። ዋናው ነገር የተመረጠውን ሰዓት በየቀኑ አለመቀያየር ነው።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ለውጥ መጠበቅ

ቲ4 በደም ውስጥ ግማሹ ለመቀነስ 7 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። መጠኑ በተለወጠ በሁለተኛው ሳምንት የሚሠራ ምርመራ መንገድ ላይ ያለን ነገር ነው የሚለካው፤ ብርንም ያባክናል፣ ሐኪምንም ያሳስታል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይጠብቁ።

ቀጠሮ ሲደርስ ብቻ መዋጥ

ይህ ወረቀቱ ላይ በግልጽ ይታያል። ለወራት ሳይውጥ ቆይቶ ለመጨረሻው ሳምንት በትጋት የዋጠ ሰው ፍሪ ቲ4ቱ ጥሩ ሆኖ፣ ቲኤስኤቹ ግን ገና ከፍ ብሎ ይገኛል። ሐኪሙ ይህን እንዳላየ ሆኖ መጠኑን ከጨመረ በኋላ ታካሚው በየቀኑ መዋጥ ቢጀምር ይበዛበታል። ተረስቶ ያለፈ ኪኒን ካለ በግልጽ ይናገሩ፤ የሚያስወቅስ ነገር የለውም።

ሲሻል ማቆም

የተሻለዎት ኪኒኑ ስላለ ነው። በቀዶ ሕክምና ታይሮይዱ ሙሉ በሙሉ የወጣለት ሰው ዕድሜ ልኩን ይወስዳል።

እንቅርት ሁሉ አንድ ነው ብሎ የሌላውን ሰው መድኃኒት መውሰድ

የአንገት እብጠት የዕጢውን መጠን እንጂ ሥራውን አይናገርም። ትልቅ እንቅርት ኖሮት ሆርሞኑ ልክ የሆነ ሰው አለ፤ ያነሰውም አለ፤ የበዛበትም አለ። ልቡ የሚመታበት፣ እየበላ የሚከሳና እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው የጎረቤቱን ሌቮታይሮክሲን ቢውጥ በእሳት ላይ ቤንዚን ነው። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በዘመድ የመጣ መድኃኒትም ከሆነ ቁጥሩን ያንብቡ፤ ኪኒኑ 25፣ 50፣ 75፣ 100፣ 125 ማይክሮግራም እየሆነ ይመረታል፣ መልኩም በሻንጣ ውስጥ ይመሳሰላል።

ጨውን ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ

አዮዲን ከሌለ ታይሮይድ ሆርሞን መሥራት አይችልም፤ ፒቱታሪ ትእዛዟን ስለምታበዛ ዕጢው ያብጣል። የኢትዮጵያ ደጋ አፈር በዝናብ ታጥቦ አዮዲኑ የሳሳ በመሆኑ እንቅርት የቆየ ችግር ነው። አዮዲን የገባበት ጨው ቀድሞ በአብዛኛው ከአሰብ ይመጣ ነበር፤ ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ በ1990 ዓ.ም. ሲነሳ ያ ተቋርጦ አገሩ ወደ አፋሩ የአፍዴራ ጨው ዞረ፤ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያዘው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። አዋቂ ሰው በቀን 150፣ ነፍሰ ጡር ደግሞ 250 ማይክሮግራም አዮዲን ያስፈልጋታል። አዮዲኑ እንዳይጠፋ ጨውን በተከደነ ዕቃ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቀው ያስቀምጡ፤ ወጥ ላይ የሚጨምሩትም ሊወጣ ሲል ይሁን። ጎመን ማቆም አያስፈልግም፤ አዮዲን እስካልጎደለ ድረስ የበሰለ ጎመን አይጎዳም።

ለረጅም ዓመት ያለና ጉብታ የበዛበት እንቅርት ያለው ሰው ግን የአዮዲን ጠብታ ወይም ኪኒን በራሱ አይጀምር፤ ዕጢው በድንገት ሆርሞን ሊያበዛ ይችላል።

ማርገዟን ስታውቅ ቀጠሮ መጠበቅ

ፅንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚጠቀመው የእናቱን ሆርሞን ነው፤ አእምሮው የሚያድገውም በዚያው ጊዜ ነው። ሌቮታይሮክሲን የምትወስድ ሴት ማርገዟን ባወቀችበት ሳምንት ለሐኪሟ ትንገር፤ ብዙ ጊዜ መጠኑ ከ25 እስከ 30 በመቶ መጨመር አለበት። ኪኒኑ ለልጁ ይጎዳል ብሎ ማቆም ፅንሱን ራሱን መጉዳት ነው።

ትኩሳትን ጉንፋን ነው ብሎ ማለፍ

ይህ ምክር የታይሮይድ ሆርሞን ለበዛባቸው፣ ሆርሞኑን የሚቀንሱትን ካርቢማዞል ወይም ፕሮፒልታዮዩራሲል ለሚወስዱ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሴልን ያጠፋሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት። ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም ወይም የአፍ ቁስል ከመጣ የዚያን ቀን ኪኒኑን አቁመው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ የመድኃኒቱን ስም ነግረው የነጭ የደም ሴል ቆጠራ እንዲሠራልዎት ይጠይቁ። ሌሊት ከሆነም አይደር።