ዓለም አቀፍ ስምምነት ጠቅሰው ሲከራከሩ የሚያስወግዷቸው ስህተቶች

ስምምነቶችን መደርደር። የሁሉም ራስ ይሄ ነው። ጎንደር ፒያሳ ላይ የተጻፈ የልጅ ማሳደግ አቤቱታ ይዘው ይመልከቱ። «ኢትዮጵያ በፈረመቻቸው ስምምነቶች መሠረት» ብሎ ይጀምርና አምስት ስም ይደረድራል። (መፈረም ብቻውን እንደማይበቃ፣ መጽደቅ እንዳለበት እንኳ ልብ አላለም።) ልጁን ማን እንዳሳደገው፣ ትምህርት ቤት ማን እንደሚያደርሰው ግን አንድ መስመር የለም። ታዲያ ዳኛው ምን ይያዝ?

የፌዴራል ሰበር ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 እንዴት እንደሠራ ይዩ። አባት ልጁን ካሳደገችው አክስት ልውሰድ አለ፤ የሥር ፍርድ ቤቶች ፈቀዱለት። ሰበር ሻረው። የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 3ን ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36(2) ጋር አያይዞ፣ የልጁ ጥቅም ይቅደም አለ። አንድ አንቀጽ ከፍሬ ነገሩ ጋር ሲገጥም እንዲህ ጉልበት አለው። እኛ ዘንድ ደግሞ የክልሉን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ 79/1995ን፣ አብሮ መጥቀስ የግድ ነው።

«ሙሉ ቃሉ በነጋሪት ጋዜጣ ስላልወጣ ሕግ አይደለም» ማለት። ይህቺን መከራከሪያ የሚወዷት ጠበቆች አሉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) ግን ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። የሕፃናት ስምምነት የጸደቀበት አዋጅ 10/1984 ሙሉ ቃሉን አላተመም፤ ሰበር ግን ሠርቶበታል። ያም ሆኖ የጠቀሱትን አንቀጽ ከአማርኛ ትርጉሙ ጋር ያያይዙ። እንግሊዝኛውን ብቻ አሳትሞ መስጠት ችሎቱን ማድከም ነው።

መግለጫን ከስምምነት መደባለቅ። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው ሁለንተናዊ የሰብአዊ መብቶች መግለጫ የሚጸድቅ ሰነድ አይደለም። የሚጠቅመው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 13(2) በኩል፣ የሕገ መንግሥቱን የመብት ድንጋጌዎች ለመተርጎም ነው።

የውጭ ፍርድ ይዞ በቀጥታ ወደ አፈጻጸም መሮጥ። ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ጎንደሬ ከየት ይገኛል? ስለዚህ ከውጭ የመጣ የፍቺ ፍርድ ብርቅ አይደለም። ማኅተሙ ስላማረ ግን አይፈጸምም። መጀመሪያ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከአንቀጽ 456 ጀምሮ ባሉት ድንጋጌዎች ማመልከት አለ፤ ያ አገር የእኛን ፍርድ ይፈጽማል ወይ የሚለውም ይታያል። የውጭ የግልግል ዳኝነት ውሳኔ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው፤ ኢትዮጵያ በአዋጅ 1184/2012 የውጭ የግልግል ውሳኔዎች የሚታወቁበትንና የሚፈጸሙበትን የኒውዮርክ ስምምነት ተቀብላለች።

ባንጁልን እንደ ይግባኝ ሰሚ ማየት። መቀመጫው ባንጁል የሆነው የአፍሪካ የሰዎችና ሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ከሰበር በላይ ያለ ችሎት አይደለም። የአገር ውስጡ መንገድ ካልተሟጠጠ፣ ከልክ ያለፈ መጓተት ካላጋጠመ በቀር፣ አቤቱታውን አይቀበልም።