የቢልድ ፍጥነትን በተለያየ ማሽን ላይ በትክክል ማወዳደር

አንድ ፕሮጀክት ሁለት ማሽን ላይ ቢልድ አድርጋችሁ (ኮዱን ወደሚሰራ ፕሮግራም ቀይራችሁ) አንዱ 4 ደቂቃ ሌላው 6 ደቂቃ ቢወስድ ባለ 4ቱ ይሻላል ብላችሁ ገንዘብ ለማውጣት እንዳትቸኩሉ። እኔ አንዴ አሮጌው ማሽኔ አዲሱን ሲቀድመው ግራ ገብቶኝ ግማሽ ቀን ስፈልግ ቆይቼ ነው አሮጌው ላይ ሲሲካሽ (ccache) የሚባለው የኮምፓይል ውጤት የሚያስቀምጥ ፕሮግራም እንዳለ ያየሁት፣ ለካ ኮምፓይል እያደረገ ሳይሆን ትናንት የሰራውን እያወጣ ነበር የሚሰጠኝ። ስለዚህ መጀመሪያ ካሹን አጥፉት፣ የቢልድ ፎልደሩን ሙሉ በሙሉ ሰርዙ፣ ዲፔንደንሲዎቹንም (ፕሮጀክቱ የሚፈልጋቸውን የሌላ ሰው ኮዶች) ቀድማችሁ አውርዱ፣ አለበለዚያ የምትለኩት ኢንተርኔታችሁን ነው።

ኮዱ፣ የኮምፓይለሩ ቨርዥን፣ ሊንከሩ (የተኮምፓየሉትን ፋይሎች አያይዞ አንድ ፕሮግራም የሚያደርገው)፣ ዲበግ ወይስ ሪሊዝ የሚለውም ሁሉ አንድ አይነት ይሁን። ብዙ ሰው የሊኑክስ ከርነልን በዴፍኮንፊግ (አብሮት በሚመጣው መደበኛ ሴቲንግ) ቢልድ አድርጎ ይለካል፣ ጥሩ ነው፣ ግን አንዱ ማሽን ኢንቴል ሌላው አርም ከሆነ ዴፍኮንፊግ ለሁለቱ የሚመርጠው ስለሚለያይ ስራው እኩል አይደለም፣ ያኔ ሁለቱም ላይ ታርጌቱን (ፕሮግራሙ የሚሰራለትን የፕሮሰሰር አይነት) አንድ አድርጉት፣ ለምሳሌ ሁለቱም ክላንግ በሚባለው ኮምፓይለር ለአርም 64 ኮምፓይል ያድርጉ። ለእኔ ግን ከከርነልም በላይ የሚታመነው በየቀኑ የምትሰሩበት ፕሮጀክት ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር፣ ሜክ የሚባለው የቢልድ ፕሮግራም ጄ (-j) የሚለውን ኦፕሽን ካልሰጣችሁት በአንድ ጊዜ አንድ ስራ ብቻ ነው የሚሰራው፣ ኒንጃ የሚባለው ሌላው የቢልድ ፕሮግራም ግን ሳይነገረው ኮሮቹን ሁሉ ይጠቀማል። ስለዚህ የጆብ ቁጥሩን (በአንድ ጊዜ የሚሰሩትን ስራዎች ብዛት) ራሳችሁ ስጡት። ራሙንም እዩ፣ ከባድ የሲ ፕላስ ፕላስ ፋይል ብቻውን ከ1 ጊጋባይት በላይ ሊበላ ይችላል፣ 8 ጊጋ ራም ላይ 16 ጆብ ብትለቁ ማሽኑ ስዋፕ ውስጥ ይገባና (ራም ሲሞላ ዲስኩን እንደ ራም መጠቀም ይጀምርና) ፕሮሰሰሩ ምንም ያህል ፈጣን ቢሆን አይጠቅማችሁም።

አሁን ወደ መለኪያው። ታይም የሚለውን ኮማንድ ከፊት አድርጋችሁ ስታስኬዱ ሪል (በሰዓት የፈጀው ጊዜ)፣ ዩዘርና ሲስ (ኮሮቹ በድምሩ የሰሩበት ጊዜ) የሚሉ 3 ቁጥሮች ይሰጣችኋል፣ አብዛኛው ሰው ሪልን ብቻ አይቶ ያልፋል፣ ትልቁ መረጃ ግን ያለው ሌሎቹ ላይ ነው። ዩዘርና ሲስን ደምሩና ለሪል አካፍሉት። ሪል 100 ሰከንድ ሆኖ ድምሩ 1500 ከሆነ በአማካይ 15 ኮር ስራ ላይ ነበር ማለት ነው። ባለ 16 ኮር ማሽን ላይ 5 ብቻ ካገኛችሁ ግን ቀሪዎቹ ቁጭ ብለው እየጠበቁ ነው፣ ወይ ሊንኪንግ ላይ ወይ አንዱ ፋይል ሌላውን እየጠበቀ ወይ ዲስክ ላይ፣ እና ባለ 32 ኮር መግዛት ብዙም አይለውጠውም። የኮምፒውተር መሐንዲሱ ጂን አምዳል በ1967 ያነሳው ሀሳብ ይሄው ነው፣ ከስራው 10 በመቶው ተራ በተራ ብቻ የሚሰራ ከሆነ ስንት ኮር ብትጨምሩ ከ10 እጥፍ በላይ አይፈጥንም። በ1፣ በ2፣ በ4፣ በ8 ጆብ እየለካችሁ ጭማሪው የት ላይ እንደሚቆም በዓይናችሁ እዩት።

አንዴ ለክቶ መተው የለም። ቢያንስ 5 ጊዜ አስኪዱት፣ የመጀመሪያውን ተዉት ምክንያቱም ፋይሎቹን ከዲስክ እያነበበ ነው፣ ከቀሩት መሃለኛውን ውሰዱ (4 ከሆኑ የመሃል ሁለቱን አማካይ)። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀር ይሰካ፣ ከኋላ የሚሰራ አፕ ይዘጋ። ሳታሳርፉ ስታስኬዱት 5ኛው ከ2ኛው በግልጽ ከዘገየ ማሽኑ ሞቆ ፍጥነቱን እየቀነሰ ነው፣ ይህን አትደብቁት፣ ቀኑን ሙሉ ስትሰሩበት የምታገኙት ፍጥነት እሱ ነው።

በመጨረሻ ሙሉ ቢልዱ ካለቀ በኋላ አንድ ፋይል ላይ አንድ መስመር ቀይራችሁ እንደገና ለኩ። እዚህ ላይ ኮር ብዛት ሳይሆን የአንዱ ኮር ፍጥነትና ሊንከሩ ናቸው የሚወስኑት፣ በሙሉ ቢልድ የተሸነፈው ማሽን እዚህ ሊያሸንፍ ይችላል። በቀን ብዙ ጊዜ የምትጠብቁት ይሄኛውን ስለሆነ ሁለቱን ቁጥሮች ሳትቀላቅሉ ለየብቻ ጻፉ።