ዘመድ ከዘመድ፦ እባብ አራቢዎች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

«ወንድምና እህት አራባሁ፤ ልጆቹ በሙሉ ጤነኛ ናቸው። ታዲያ ምን ችግር አለው?» ይህን ያላለ ጀማሪ አላውቅም። በአንድ ዙር እንቁላል መፍረድ ግን ያሳስታል። ከወንድምና እህት የተወለደ እባብ በአማካይ በ25 በመቶ ዘረመሎቹ ላይ ከእናትም ከአባትም የወረሰው ቅጂ አንድና ያው ነው። ከመካከላቸው ብልሹ ካለ የሚሸፍንለት ጤነኛ ቅጂ አይኖርም። አንዳንዴ ዕድል ይቀናችኋል። ልጆቹን መልሳችሁ እርስ በርስ ስታራቡ ግን ጣጣው ይከማቻል። ጉዳቱም የግድ በጎበጠ ጀርባ አይጀምርም። ፍሬ የሌለው እንቁላል ይበዛል። አካሉ ሙሉ ሆኖ ሳይፈለፈል የሚሞት ይኖራል። የተፈለፈለውም አልበላም ይላል። ሰው ግን ሁሉንም «ዘንድሮ አልቀናኝም» ብሎ ያልፈዋል።

እኔን የሚያበግነኝ ሌላ ነው። «ከሁለት የተለያዩ ሻጮች ስለገዛኋቸው አይዛመዱም» የሚሉት ነገር! ኧረ እንዴት ተደርጎ? አልቢኖ፣ ማለትም ጥቁር ቀለም የሌለው፣ ቦል ፓይተን የተባለውን እባብ እንውሰድ። ቀለሙ ሪሴሲቭ ነው፤ እንዲታይ ሁለት ቅጂ ይፈልጋል። አንድ አልቢኖ ከተራው ጋር ሲራባ ልጆቹ በሙሉ ተራ መልክ ይዘው ይወጣሉ። ቀለሙን መልሶ ለማግኘት አራቢው ከተፈለፈሉት ሴቷን ከአባቷ ጋር፣ ወይም እህትን ከወንድሟ ጋር ያገናኛል። ብዙ ብርቅ ቀለሞች በዚህ መንገድ ነው ገበያ የገቡት። የቀለሙ መነሻ ራሱ የዘመድ ጋብቻ ነው ማለት ነው። እና ሁለት ሻጮች ጋ ያገኛችኋቸው ሁለት ቆንጆዎች አያት ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። የወላጆቹን ማንነት ጠይቁ። ሻጩ ካላወቀ ዘመድ ናቸው ብላችሁ ቁጠሩ። አንዱን አልቢኖ ከማይዛመድ ተራ እባብ ጋር አራቡ፤ ሌላውን አልቢኖ ደግሞ ከሌላ ተራ እባብ ጋር። ከዚያ ከሁለቱ ወገን ተሸካሚ የሆኑትን (ቀለሙ ሳይታይባቸው አንድ ቅጂ የያዙትን) ልጆች አገናኙ። ሴቷ እስክትደርስ ሦስት ዓመት ገደማ ልትፈጅ ትችላለች። መጠበቅ ያቃተው ሰው አያራባ። ጀማሪውን አልቆጣም። የምቆጣው ከአንድ እናት የወጡ ወንድና ሴት አቅርቦ «ለመራቢያ የሚሆን ጥንድ» እያለ የሚቸበችበውን ነው።

የውጭ ደም ምን እንደሚሠራ ማየት ለሚፈልግ የስሚጌሁክ እፉኝቶች አሉለት። በደቡብ ስዊድን ተነጥለው የቀሩ ጥቂት እፉኝቶች ነበሩ። ከሚወለዱት ብዙዎቹ የሞቱ ወይም አካላቸው የተዛባ ነበር። ተመራማሪዎች በ1992 ከሌላ ቦታ 20 ወንዶች አመጡና እስከ 1996 እዚያው አቆዩአቸው። ከዚያ በኋላ ቁጥራቸው በፍጥነት አንሰራራ።

በመልኩ ጤነኛ የሆነን ወላጅ ማመንም ያስጠቃል። ኮርን ስኔክ በሚባለው የእባብ ዓይነት ውስጥ ስታርጌዘር የሚባል የነርቭ ችግር አለ፤ የታወቀውም ሰንኪስድ ከሚባለው ቀለም ጋር ተያይዞ ነው። አንድ ቅጂ የያዘው ምንም አይታይበትም። ሁለት የወረሰው ግን ራሱን አንጋጦ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፤ ልሂድ ሲል ይጠማዘዝና በጀርባው ይገለበጣል። እንዲህ ያለ ልጅ ከወጣ ሁለቱም ወላጆች ተሸካሚ ናቸው፤ አቁሙ።

ሁሉን በዝምድና ማሳበብም አለ። ስፓይደር የሚባለው ቦል ፓይተን ጭንቅላቱ የሚንቀጠቀጠው ከቀለሙ ዘረመል የተነሳ ነው፤ አንድ ቅጂ ይበቃል፤ የውስጥ ጆሮው አፈጣጠርም የተዛባ ሆኖ ተገኝቷል። የፈለጋችሁትን ያህል የውጭ ደም ብትጨምሩ አይድንም። እንዲያውም አታራቡት። የተጠማዘዘ አከርካሪም ከሙቀት ብዛት ሊመጣ ይችላል። የቦል ፓይተን እንቁላል ከ31 እስከ 32 ዲግሪ ይበቃዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቴርሞሜትራችሁን ፈትሹ። ልጁን በእጃችሁ ይዛችሁ ጣታችሁን ከአንገቱ እስከ ጅራቱ ጫፍ ቀስ ብላችሁ አሳልፉ፤ ዓይን የሚያመልጠውን ጉብታ ጣት ያገኘዋል። ሙቀቱ ልክ ሆኖ ያው ጥንድ ደግሞ ከደገመው በቴርሞሜትር አትደበቁ።

ወንድምና እህትን «ገና ሕፃን ናቸው» እያሉ በአንድ ሳጥን ማቆየት፦ አይሆንም፣ አለቀ።

አባቱን አውቀዋለሁ ማለትም እንደዚያው ነው። ሴት እባብ የወንድ ዘር ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ታቆያለች። አንዳንዷ ደግሞ ያለ ወንድ ትወልዳለች። ስለዚህ የእባቧ መዝገብ ካርድ ላይ ያገናኛችሁትን ወንድ ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት አብሯት የነበረውን ሁሉ ጻፉ።