አንድ አባል በሁለት ቁጥር፦ የእድር መዝገብ ሲጸዳ

የእድር መዝገብ ከደብተር ወደ ኤክሴል ሲገለበጥ አንድ ሰው ሁለት ቦታ ተመዝግቦ ይገኛል። ኃይሉ፣ ሐይሉ እና ሀይሉ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች። «ሪሙቭ ዱፕሊኬትስ» (ድግግሞሽ አጥፋ) የሚለው የኤክሴል ቁልፍም እነዚህን አያገኛቸውም። አጻጻፋቸው አንድ የሆነውን ሲያገኝ ደግሞ የላይኛውን ረድፍ አስቀርቶ የታችኛውን ሳይጠይቅ ያጠፋል፤ እዚያ ረድፍ ላይ የተመዘገበው መዋጮም አብሮ ይጠፋል። ይህን ቁልፍ እርሱት።

ፋይሉን ኮፒ አድርጉና ዋናውን አስቀምጡ። በኮፒው ላይ ከስሙ ጎን «ማመሳከሪያ» የሚል ዓምድ ክፈቱና ስሞቹን ገልብጡበት። ፊደል የሚለወጠው እዚህ ብቻ ነው፤ ስሙን በ«ኃ» ሲጽፍ ለኖረ አባል ደረሰኙም በ«ኃ» ይውጣለት። ፈልጎ መተኪያውን ለመክፈት ኮንትሮልና ኤችን ከመጫናችሁ በፊት ይህን ዓምድ ምረጡ፣ አለዚያ ለውጡ ገጹን ሁሉ ያዳርሳል።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ማዕረጉ ይውጣ፦ አቶ፣ ወ/ሮ፣ ወ/ሪት፣ ቄስ፣ ሐጂ፣ ሻምበል፣ ከኋላቸው ካለው ክፍት ቦታ ጋር። ከዚያ ገ/ በ«ገብረ»፣ ኃ/ በ«ኃይለ» ይተካል። ወ/ሮ ሳይወጣ ወ/ን በ«ወልደ» የተካ ሰው «ወልደሮ አስቴር» የምትባል አዲስ አባል ይፈጥራል። ወ/ማርያም ለሴት ወለተ ማርያም ሊሆን ስለሚችል፣ «ተ/» ደግሞ ተክለ ወይም ተስፋ ስለሚሆን ሁለቱን በጅምላ አትተኩ፤ አንድ በአንድ እዩ። ቀጥሎ በቃላት መካከል ያለውን ክፍት ቦታ በሙሉ አጥፉ። «ገብረ መድህን» እና «ገብረመድህን» የሚገናኙት ያኔ ነው።

አሁን ፊደሉ። ሐ እና ኀ ከነርባታቸው ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይሄዳሉ፤ እያንዳንዱ ሰባት ሰባት ነው። ሃ እና ኣ ሲጨመሩ በጠቅላላው 37 ምትክ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚስተው ሓ፣ ኃ እና ሃ ሁሉም ወደ ሀ፣ ዓ እና ኣም ወደ አ መግባት እንዳለባቸው ነው። ተስፋዬና ተስፋየ፣ መኳንንትና መኩዋንንት ግን አሁንም ተለያይተው ይቀራሉ። ዓምዱን በፊደል ተራ ደርድሩትና በዓይን ልቀሟቸው።

ስልክም እንዲሁ ይጸዳል። አንዱ በ09 ይጽፋል፣ ሌላው በ+251፤ ኤክሴል ደግሞ ከፊት ያለውን ዜሮ ይበላል። መጀመሪያ ክፍት ቦታና ሰረዝ አጥፉ፣ በአንድ ሳጥን የተጻፉ ሁለት ቁጥሮችን ለዩ፣ ከዚያ «ራይት» በሚባለው ፎርሙላ የመጨረሻዎቹን 9 አሃዞች ብቻ ውሰዱ።

ስምና ስልክ ሁለቱም ከገጠሙ ድግግሞሽ ነው ማለት ይቻላል። ስም ገጥሞ ስልክ ከተለያየ የአያት ስምና የቤት ቁጥር ይታይ፤ እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም ስለሌለ በስምና በአባት ስም ብቻ መፍረድ አደገኛ ነው። ስልክ ገጥሞ ስም ከተለያየ አብዛኛውን ጊዜ ባልና ሚስት ናቸው፣ ወይም የልጃቸውን ስልክ የሰጡ እናት። አንዳንዴ ግን ያው ሰው አንዴ በዓለም ስሙ፣ አንዴ በክርስትና ስሙ ተመዝግቦ ይሆናል። ይህን የሚፈታው ስልክ መደወል እንጂ ፎርሙላ አይደለም።

ሁለቱ ረድፎች ሲዋሃዱ የቀደመው የአባልነት ቁጥር ይቆያል። የትኛው እንደቀደመ ስታዩ የዘመን አቆጣጠሩን አጣሩ፤ በፈረንጅ 2016 የተመዘገበ በ2010 ዓ.ም. ከተመዘገበው ይቀድማል። መዋጮውን ወር በወር አዛውሩ። መስከረምን በአባልነት ቁጥር 37፣ ጥቅምትን በቁጥር 112 የከፈለ አባል ሁለቱም ረድፍ ላይ ውዝፍ ያለበት ይመስላል፤ ያለጥፋቱ የተቀጣ ከሆነ ቅጣቱ ይመለስለት። አንዱን ወር ሁለቴ ከፍሎ ከተገኘ ትርፉ ለቀጣዩ ወር ይያዝለታል።

የተዘጋውን ረድፍ አታጥፉ። «ወደ 37 ተዛውሯል» ብላችሁ ቀኑንና የጸሐፊውን ስም ጻፉበት፤ ቁጥሩም ለአዲስ አባል አይሰጥ። የድሮ ደረሰኝ የያዘ ሰው ሲመጣ ገንዘቡ የት እንደገባ የሚገኘው በ112 ነውና።