የጭነት መኪና ሲቢ ራዲዮ ሲገጠምና ሲጠገን ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሾፌሮች በመንገድ ላይ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት የሲቢ ራዲዮ ድምፅ ሲደክም ወይም ሩቅ አልሰማ ሲል አብዛኛው ሾፌር አስቀድሞ የሚጠረጥረው መሣሪያውን ነው። ብልሽቱ ግን ብዙውን ጊዜ ከመሣሪያው ውጪ፣ በአንቴናው፣ በገመዱ ወይም በኤሌክትሪክ መስመሩ ላይ ስለሚገኝ፣ ራዲዮውን ነቅሎ ወደ ጥገና መውሰድ የመጨረሻው እርምጃ መሆን ይገባዋል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት አንቴናውን ሳይለኩ ማስተላለፍ ነው። ሲቢ የሚሠራው በ27 ሜጋኸርትዝ አካባቢ በመሆኑ የሩብ ሞገድ አንቴና 2.6 ሜትር ያህል ርዝመት ይፈልጋል፤ አጫጭሮቹ አንቴናዎች ደግሞ የጎደላቸውን ርዝመት በተጠቀለለ ሽቦ የሚያካክሱ ስለሆኑ በተገጠሙበት መኪና ላይ መስተካከል አለባቸው። ከአንቴናው ተመልሶ የሚመጣው ኃይል የሚታወቀው በኤስ ደብሊው አር መለኪያ ሲሆን፣ ንባቡ ከ1.5 በታች ከሆነ መልካም ነው፣ እስከ 2 ድረስም ያሠራል፤ 3 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ማሰራጫ ትራንዚስተሩን ሊያቃጥል ይችላል። መኪናውን ከግድግዳና ከብረት አርቀው፣ በሮቹን ዘግተው፣ በቻናል 1 እና በቻናል 40 ይለኩ። በቻናል 1 ላይ ያለው ንባብ ከበለጠ አንቴናው አጥሯል፣ በ40 ላይ ያለው ከበለጠ ደግሞ ረዝሟል ማለት ነው።

በሁሉም ቻናል ንባቡ ከፍ ካለ ችግሩ የርዝመት አይደለም፤ አንቴናውን ማስረዘምም ሆነ ማሳጠር ትርፉ ድካም ነው። በስፖኪዮ ላይ የታሰረው የአንቴና መያዣ ከቀለሙ በታች ካለው ብረት ጋር ላይገናኝ ይችላል፤ ስለዚህ ቀለሙን ፍቀው፣ በመያዣውና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል ያለው ተቃውሞ ወደ ዜሮ መጠጋቱን በመልቲሜትር ያረጋግጡ። በተቃራኒው የአንቴናው የመሃል ብሎን መያዣውን ፈጽሞ መንካት የለበትም። ሁለቱን የምትለየው ትንሿ የፕላስቲክ ቀለበት ተሰንጥቃ ወይም ተረስታ ከቀረች መስመሩ ሾርት ያደርጋል፤ ይህችን ቀለበት ሳያዩ ራዲዮ ለሚነቅሉ ሰዎች ከልብ አዝናለሁ።

ገመዱ በጋቢናው በር እንዳይጨፈለቅም ይጠንቀቁ። ለአንድ አንቴና 50 ኦም ገመድ ያስፈልጋል፤ ለጥንድ አንቴና ደግሞ ለዚሁ ተብሎ የተሠራውን ባለ 75 ኦም ጥንድ ገመድ ይጠቀሙ እንጂ ሁለት ተራ ገመዶችን አይቀጥሉ።

የ12 ቮልት ራዲዮን በ24 ቮልት መኪና ላይ ያለ መቀነሻ ማገናኘት ራዲዮውን ወዲያውኑ ሊያበላሸው ይችላል። ፊውዙ ደጋግሞ ሲቃጠልም ምክንያቱን ይፈልጉ እንጂ በትልቅ ፊውዝ አይተኩት፤ ገመዱን ለእሳት ያጋልጣል።

ወደ ጥገና ሲሄዱ «ኃይሉን ጨምርልኝ» ማለት ራሱን የቻለ ስህተት ነው። ድምፁ ከልክ እንዳያልፍ የሚያደርገው የድምፅ መገደቢያ ሲቆረጥ ድምፁ የበረታ ቢመስልም ይዛባል፣ ወደ ጎረቤት ቻናሎችም ይፈሳል፤ በአሜሪካ ደግሞ በኤኤም የሚፈቀደው ኃይል 4 ዋት ብቻ ሲሆን ማጉያ መጠቀምም የተከለከለ ነው። ማይክሮፎኑን ቤት ትተው አይሂዱ፤ ዘወትር የሚተጣጠፈው ገመዱ ከመሰኪያው አጠገብ ውስጥ ለውስጥ ይበጠሳልና። ሌላ ማይክሮፎን ለመሞከር ካሰቡም፣ መሰኪያው ስለገጠመ ብቻ ይሠራል ብለው አይቁጠሩ፤ ባለ አራት እግር መሰኪያዎች መልካቸው አንድ ሆኖ የውስጥ ሽቦ አደራደራቸው ከአምራች አምራች ይለያያል። ራዲዮውን ሲረከቡ ከጥገናው በፊትና በኋላ የተለካውን የማሰራጫ ኃይልና ፍሪኩዌንሲ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ባለሙያውን ይጠይቁ።