ገበያ ሲቀዘቅዝ በገንዘብ አያያዝ ላይ የሚፈጸሙ ስህተቶች

ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ብየዳ ቤቶች፣ ብሎኬት ማምረቻዎችና የግንባታ ዕቃ መደብሮች እንጀራቸው የተንጠለጠለው ሰው ቤት በመሥራቱ ላይ ስለሆነ፣ የገበያውን መቀዝቀዝ ከመሀል ከተማው ነጋዴ ቀድመው ያውቁታል። በዚህ አካባቢ ለአነስተኛ ድርጅቶች ሒሳብ ስይዝ በቆየሁባቸው ዓመታት ሲዘጉ ካየኋቸው መካከል ብዙዎቹ በመዝገባቸው አትራፊ ነበሩ። ያጡት ክፍያ በሚጠየቅበት ቀን እጅ ላይ የሚገኝ ጥሬ ገንዘብ ነው። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ስህተቶችም በተለያየ መንገድ ወደዚያው ቀን የሚያደርሱ ናቸው።

ትርፍን በድሮ ዋጋ ማስላት

በእኔ ግምት ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ለምሳሌ አንድ ብየዳ ቤት ለአንድ በር ላሜራና ቱቦላሬ በ12,000 ብር ገዝቶ፣ ለሠራተኛ 3,000 ብር ከፍሎ፣ በሩን በ18,000 ብር ሸጠ እንበል። ባለቤቱ 3,000 ብር አተረፍኩ ብሎ ያንኑ ለቤቱ አስቤዛ ያውለዋል። ለቀጣዩ በር ብረት ሊገዛ ሲሄድ ግን የዚያው ዕቃ ዋጋ 15,500 ብር ሆኖ ይጠብቀዋል፤ በእጁ የቀረው 12,000 ብር ስለሆነ 3,500 ብር ይጎድለዋል። ያን 3,000 ብር ባይነካው ኖሮ እንኳ 500 ብር ይጎድለው ነበርና፣ ትርፍ መስሎት የበላው መነሻ ካፒታሉን ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ከውጭ በሚገባ ብረት የሚሠራ ሰው ያን ጊዜ መጋዘኑ ውስጥ የነበረውን ዕቃ በድሮው ዋጋ አስልቶ ሲሸጥ፣ ደንበኛው ስለበዛለት ገበያ የደራ መስሎት ነበር።

መፍትሔው ዋጋ ከመናገር በፊት ለአቅራቢው ደውሎ የዕለቱን ዋጋ መጠየቅ፣ ፕሮፎርማው (ለደንበኛ የሚሰጠው የዋጋ ማቅረቢያ) ላይ ዋጋው የሚጸናበትን ቀን መጻፍ፣ ቀብዱም ቢያንስ የብረቱን ዋጋ እንዲሸፍን ማድረግና ቀብዱ በተቀበሉበት ዕለት ብረቱን መግዛት ነው። በዚህ ምክንያት የሚሄድ ደንበኛ መኖሩ አይቀርም፤ ከካፒታል እየተቀነሰ ከሚሠራ ሥራ ግን ሥራው ቢቀር ይመረጣል።

ገንዘቡን ሁሉ ዕቃ ማድረግ

ከላይ ያለው የገባው ነጋዴ ደግሞ ወደ ሌላኛው ጠርዝ ይሄድና፣ ብር ዋጋ እያጣ ነው በሚል በባንክ ያለውን ሁሉ ወደ ዕቃ ይለውጠዋል። ብረት ቢያንስ ይቆያል፤ ሲሚንቶ ግን በከረጢት ውስጥ ወራት ሲያስቆጥር፣ በተለይ በክረምቱ እርጥበት፣ ጥንካሬውን እያጣ ይሄዳል። ከዚህም በላይ የቤት ኪራይ፣ ደመወዝና መብራት በሲሚንቶ አይከፈሉም። እኔ ደንበኞቼን የማስጠነቅቀው ቢያንስ የ2 ወር ኪራይና ደመወዝ ሳይነካ ከተቀመጠ በኋላ በሚተርፈው ብቻ ዕቃ እንዲያከማቹ ነው።

ዱቤን እንደ ሽያጭ፣ ታክሱን እንደ ራስ ገንዘብ መቁጠር

እነዚህን ሁለቱን አንድ ላይ የማነሳቸው አንዱ ሌላውን ስለሚያባብስ ነው። ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ብሎኬት አምራች ለአንድ ተቋራጭ የ100,000 ብር ብሎኬት በዱቤ ሰጥቶ ደረሰኝ ሲቆርጥ፣ በላዩ ላይ 15 በመቶ፣ ማለትም 15,000 ብር ታክስ አስመዝግቧል። በግዢ የከፈለው ታክስ ከዚህ ላይ ቢቀነስለትም፣ ቀሪውን ተቋራጩ ከፈለውም አልከፈለውም በወሩ አሳውቆ የመክፈል ግዴታ አለበት። ባልተቀበለው ገንዘብ ታክስ ለመክፈል ከሌላ ሽያጭ ያወጣል፤ ወይም ሳይከፍል ቆይቶ ቅጣትና ወለድ ይደርብበታል። ከደንበኛ የተሰበሰበ ታክስ የመንግሥት ገንዘብ ስለሆነ፣ በሌላ የባንክ ሒሳብ ቢቀመጥ እጅ ወደ እሱ አይሄድም።

ዱቤ ያለ ወረቀት አይሰጥ። በመያዣነት የሚሰጥ፣ ወደፊት ቀን የተጻፈበት ቼክም ብዙዎች የሚያስቡትን ያህል አያስተማምንም፤ በቂ ስንቅ ሳይኖር ቼክ መስጠት በወንጀል የሚያስጠይቅ ቢሆንም፣ ክሱ ተጀምሮ እስኪያልቅ የአምራቹ ማሽን ይቆማል።

ዕቁብን ለአሮጌ ዕዳ ማዋል

ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ዕቁብተኛ ያለ ወለድ ተበድሯል፤ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ደግሞ አበድሯል። ዋጋ በሚንርበት ጊዜ የመጨረሻው ዕጣ የሚገዛው ዕቃ ስለሚያንስ፣ ሁሉም ቀድሞ ለመውሰድ ይሻማል፤ አንዳንዱም ከፍሎ የሌላውን ዕጣ ይገዛል። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ በደህናው ጊዜ ገቢ የተወሰነውን ሳምንታዊ ክፍያ በቀዘቀዘ ገበያ መክፈል እንደማይቻል እየታወቀ፣ የወጣውን ገንዘብ ሥራ በማያመጣ ዕዳ ላይ ማፍሰስ ነው። አንድ ጊዜ ይህንኑ እኔ ራሴ መክሬ፣ ሰውዬው የአቅራቢውን ዕዳ ዘግቶ ሲያበቃ የሚሠራበት ብረት መግዣ አጥቶ ዋሱን እስከ ማስቸገር ደርሷል። አሁን የምለው ቢያንስ ግማሹ የተረጋገጠ ትእዛዝ ለመፈጸሚያ ይዋል ነው።

ከባንክ መሸሽ

ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ ጥሎ፣ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ወደ 18 በመቶ ከፍ አድርጎት ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ጥሩ መያዣ ያለው ነጋዴ ሳይቀር ባዶ እጁን ሊመለስ ስለሚችል፣ ነባሩ ብድር ይታደስልኛል በሚል ተስፋ ብቻ ዕቅድ ማውጣት አይገባም። ክፍያ ሲያቅት ስልክ ማጥፋት ደግሞ የባሰ ነው፤ ብድሩ ክፍያው 90 ቀን ሲያልፍበት ከተበላሹት ይመደብና የመደራደሪያው በር ይጠባል። ባንኩም በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል። የመክፈያ ጊዜው እንዲራዘም መጠየቅ የሚገባው የመጀመሪያው ወር ክፍያ ከመጓደሉ በፊት፣ የሦስት ወር የገቢና ወጪ ግምት ይዞ በመቅረብ ነው።

ሠራተኛን ቀድሞ፣ ኪራይን በመጨረሻ መንካት

ወጪ ይቀነስ ሲባል ብዙዎች መጀመሪያ የሚያስቡት ሠራተኛን ማሰናበት ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ከአንድ እስከ 9 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ የ2 ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ የስንብት ክፍያ በሚገባው ጊዜም ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለተጨማሪው እያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይታሰብለታል። የታሰበው ቁጠባ ለወራት ወጪ ሆኖ ይቆያል፤ የሠለጠነ በያጅም ገበያው ሲመለስ በቀላሉ አይገኝም።

ኪራዩን ግን ማንም ለመደራደር አይደፍርም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ለሱቅም የሚሠራ የሚመስላቸው አሉ፤ አዋጁ የሚመለከተው መኖሪያ ቤትን ብቻ ስለሆነ ነጋዴው ያለው መሣሪያ ውሉና ድርድሩ ነው። አከራይም ቢሆን በዚህ ገበያ ቁልፍ ተረክቦ ባዶ ሱቅ ይዞ መቀመጥን አይፈልግም። የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያው በየወሩ እንዲሆን ወይም ጭማሪው እስከ መስከረም እንዲዘገይ ቢጠየቅ እሺ የሚል አይጠፋም፤ የተስማሙበት ግን በውሉ ላይ ተጽፎ በሁለቱም ይፈረምበት።